በአይዛያ ደጃፍ ያልተናገርኩት

ጡረታ የወጣው ጉልበቴ ነው፤ እኔ አልወጣሁም። ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ "ሚስ የሺ፣ እዚህ መሐል የቀረ ነገር የለም፤ አጥንት ከአጥንት ነው የሚፋጨው" ሲለኝ፣ "ሃያ አንድ ዓመት ድንጋይ ላይ ስመላለስ የት ነበርክ?" አልኩት። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ሥራ እንደሌለኝ ገብቶኝ ነበር።

ሥራዬ ሰው በእግር ማስጎብኘት ነበር። እዚህ ኮሎራዶ፣ አሁን በምኖርባት በኦሮራ ከተማ፣ ሐበሻው "ምን ትሠሪ ነበር?" ሲለኝ "ቱር ጋይድ" እላለሁ። "አገር ቤት? ላሊበላ?" ይሉኛል። "ኧረ እዚሁ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ" ስል ይስቃሉ። አንዲት ሴትዮ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ሱቅ ውስጥ ምስር እያስመዘነች፣ "ለፈረንጁ የገዛ አገሩን ታስጎበኚው ነበር? አይ ድፍረት!" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ድፍረት ነው። ግን እኮ ሰው የገዛ ሰፈሩን አያውቅም። በየቀኑ በደጁ የሚያልፈውን ቤት ማን እንደሠራው የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

ከተማዋ አሌክሳንድሪያ ትባላለች፤ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለች የድሮ ወደብ ናት። ወንዙ ታች ከባሕሩ ጋር ስለሚገናኝ ውኃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ድሮ ዱቄትና ትንባሆ የጫኑ መርከቦች ከዚያ ይነሡ ነበር። ሰውም ይሸጥባት ነበር። ያንን ዘልሎ የሚያስጎበኝ ጋይድ በጊዜዬ ነበረ፤ አሁንም አይጠፋም።

እኔ ደሴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ባሕረ ሰላጤ፣ ባሕረ ገብ መሬት እያልኩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል ኖሬ ባሕር የሚባል በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ዲቪ ደርሶኝ ከልጄ ከሜሮን ጋር ስመጣ ያገኘሁት ሥራ የመኪና ማቆሚያ ትኬት መቁረጥ ነው። የምቀመጥባት የመስታወት ሳጥን አንድ አደባባይ ፊት ለፊት ነበረች። ጠዋት ጠዋት አንድ ረጅም ቀጭን ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ እዚያ አደባባይ ላይ የሚያስጎበኙትን ሰው ይሰበስባሉ። ሚስተር ሊዮን ይባላሉ። አባታቸው እዚያው ወደብ ላይ ጭነት ያወርዱ የነበሩ፣ የከተማዋ ተወላጅ ናቸው። ስምንት ወር ሙሉ መስኮቴን ገርበብ አድርጌ ሰማኋቸው። ትኬት እየቆረጥኩም ቢሆን እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ።

አንድ ቀን አንድ ጎብኚ፣ "ዝናብ ሳይዘንብ ውኃው እንዴት ከፍ ይላል?" ብሎ ጠየቃቸው። ሚስተር ሊዮን "አላውቅም" አሉ። በቃ፣ እንዲሁ፣ ሳያፍሩ። እኔ አላስቻለኝም፤ አንገቴን በመስኮቱ አውጥቼ ስለ ጨረቃና ስለ ባሕር መሙላት ማስረዳት ጀመርኩ። መኪና ከኋላ ጡሩምባ ይነፋብኛል፣ እኔ ጨረቃዬ ላይ ነኝ። ጉብኝቱ ሲያልቅ መጥተው መስኮቱን አንኳኩ።

"አንቺ ማነሽ?"

"ትኬት ቆራጭ።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"አስተማሪ።"

"ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ነይ። ምቹ ጫማ አድርጊ" አሉኝ።

እንዲህ ጀመርኩ። የከተማውን የጋይድ ፈተና ሁለቴ ወድቄ በሦስተኛው አለፍኩ፤ ስለ እሱ ብዙ አልልም። አለቆችም መጡ፣ ሄዱ። አንዷ አለቃዬ የድሮ ዘመን ቆብ ካላደረግሽ አለችኝ፤ ሻሽ ነው ብዬ አሰርኩት። ሌላው "አነጋገርሽ አይገባም የሚል ሰው አለ" ብሎ ቢሮ ጠራኝ። ሚስተር ሊዮን አብረውኝ ገቡና፣ "ቀስ ብላ ስለምትናገር ሰው ቀስ ብሎ ይሰማል፤ የእኔን ሲሰሙ ስልካቸውን ነው የሚያዩት" አሉት። ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ አነጋገሬ አላነሣብኝም።

ሚስተር ሊዮን ያስተማሩኝን ሁሉ ልዘርዝር ብል አይበቃኝም። ጠዋት ጠዋት ሰው ከመምጣቱ በፊት መንገዱን ሁሉ ብቻቸውን ይሄዱታል። "ከተማ ስትተኚ ይለወጣል" ይላሉ፤ የተቆፈረ አለ፣ የተዘጋ አለ፣ የሞተ ዛፍ አለ። ሰው ሲያቆሙ ጎብኚውን ጥላ ውስጥ፣ ራሳቸውን ፀሐይ ላይ ያደርጋሉ፤ ፀሐይ በዓይኑ የገባበት ሰው አይሰማምና። ጠባብ መንገድ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ጡብ ግድግዳው አዙረው ይናገራሉ፤ ድምፁ ግድግዳው ላይ ነጥሮ የኋለኛው ሰው ጆሮ ይደርሳል። እኔ ይህን ለመልመድ አንድ ክረምት ፈጀብኝ። መጀመሪያ ግድግዳውን የምቆጣ ነበር የምመስለው።

ከሁሉ በላይ ግን ጫማ ማየት ነው ያስተማሩኝ። "ራስ አትቁጠሪ፣ ጫማ ቁጠሪ። ተረከዝ ያደረገች ካለች በድንጋዩ መንገድ አትውሰጂያቸው። የተቀደደ ጫማ ያለው ሰው ብዙ የሄደ ነው፣ ጥያቄ አለው። የተወለወለ ጫማ አድርጎ ለእግር ጉዞ የመጣ ሰው ካየሽ ደግሞ ቆም በዪ። እሱ ሊጎበኝ አልመጣም፤ ሰው ሊጠይቅ ነው የመጣው። ማንን እንደሆነ ሳትጠይቂ አትጀምሪ።"

የራሴም ነገር ነበረኝ። ወደቡ ድሮ ጠባብ ስለነበር ነጋዴዎቹ ያረጁ መርከቦች አስጥመው፣ አፈር ሞልተው፣ መሬት አድርገውበታል። ስለዚህ ውኃው ዳር አቁሜያቸው ዝም እላለሁ። ዝም እላለሁ። ከዚያ "አሁን የቆማችሁት መርከብ ላይ ነው" እላቸዋለሁ። ሰው ሁሉ እግሩን ያያል! እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ያቺን ስናገር ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ አይዛያ ልምጣ። በእኛ ኢሳይያስ ማለት ነው። በሚስተር ሊዮን መንገድ ላይ ሰባተኛው ማቆሚያ አንዲት ትንሽ የጡብ ቤት ናት፣ ሦስት ደረጃ ያላት። አይዛያ በባርነት ዘመን የኖረ ጥቁር ነው። ሥራው በመርከብ ሳንቃዎች መካከል ያለውን ክፍተት በገመድ ቃጫና በሬንጅ መድፈን ነበር። ሚስተር ሊዮን የሚነግሩት ታሪክ እንዲህ ነው፤ ዘጠኝ ባሪያዎች ባርነት ወደሌለበት ወደ ሰሜን በምትሄድ ዱቄት ጫኝ መርከብ ውስጥ ተደብቀው ሊያመልጡ ሲሉ፣ መርከቧን ሲደፍን የነበረው አይዛያ አይቶ ጠቆመባቸው። ለውለታው ነፃነቱንና ያቺን ቤት ሰጡት። ታሪኩ ሲያልቅ ሚስተር ሊዮን በሩን በመዳፋቸው ያሳዩና "ይህ ቤት የዘጠኝ ሰው ዋጋ ነው" ይላሉ። ጎብኚው ክው ይላል። ከሁሉም ማቆሚያ ሰው የማይረሳው ያንን ነበር፤ እሳቸውም ከእሳቸው በፊት ከነበረው ጋይድ ነው የሰሙት። ሚስተር ሊዮን እግራቸው ሲደክም መንገዱን ለእኔ ሰጡኝ፤ ታሪኩንም ከነቃሉ ሰጡኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤቱ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። እነግራለሁ፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኛል። የኮራ አባት ይመስሉ ነበር።

አንድ ጊዜ አንዲት ጎብኚ "ቤቱ መቼ ነው የተሠራው?" አለችኝ። እንደተማርኩት "አላውቅም" አልኩና በሳምንቱ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ የድሮ መዝገብ አስወጣሁ። የቤቱን ውል አገኘሁት። አይዛያ ቤቷን የገዛው መርከቧ ከመያዟ አራት ዓመት በፊት ነው። ውሉ ላይ ደግሞ "ነፃ ጥቁር ሰው" ተብሎ ተጽፏል። ደጋግሜ አነበብኩት። በስመ አብ! ቀድሞ ነፃ የወጣ ሰው፣ ቀድሞ ቤት የገዛ ሰው፣ በጥቆማ ምን ተሰጠው?

ኮፒ አደረግኩት፣ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ምን አደረግኩ? ምንም።

እውነቱን ልናገር። እኔ ያደግሁት ታላቅ ሰው ሲሳሳት አንገት ደፍቶ ዝም በሚባልበት ቤት ነው። አባቴ በሰው ፊት አንድ ነገር ቢስቱ እናቴ ዓይኗን ታፈጥብን ነበር። ሚስተር ሊዮን ደግሞ ለእኔ ከአባት አይተናነሱም፤ ከመስታወት ሳጥን ያወጡኝ እሳቸው ናቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል። ሠላሳ ዓመት የተናገሩት ሐሰት ነው ብዬ በምን አፌ ልንገራቸው? "ዘንድሮ ይለፍ" አልኩ። ዘንድሮም አለፈ፣ የሚቀጥለውም አለፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ውሉ ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ "ይህ ቤት የዘጠኝ ሰው ዋጋ ነው" እል ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት እኔ ነኝ።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ሰኔ ነው፣ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ልብስ ያጣብቃል። አሥራ አራት ሰው አለኝ። መሐላቸው አንድ ጥቁር ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር መጥተዋል። ስማቸው ሚስተር ክላረንስ ነው፤ ልጅየው ዳያን ትባላለች። ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው የመጣነው አሉኝ። "የእኔም ልጅ ነርሲንግ ተምራ እዚያው ነው የምትኖረው" አልኳቸው። ሎውሪ በነበረው የአየር ኃይል ሰፈር ዕድሜያቸውን ሙሉ አውሮፕላን ሲጠግኑ እንደኖሩ ነገሩኝ፤ ዳያንም "ሰማንያኛ ዓመቱን ስላከበረ ስጦታዬ ነው" አለችኝ። ጫማቸውን አየሁት። ቡናማ ቆዳ፣ ፊት የሚያሳይ ተወልውሎ።

አየሁት እኮ። ግን ሙቀት ነው፣ ሰው ብዙ ነው፣ ሰዓት ሄዷል፤ ሳልጠይቃቸው ጀመርኩ።

አይዛያ ደጃፍ ስንደርስ ሚስተር ሊዮን አግዳሚያቸው ላይ ናቸው። ነገርኩ። "የዘጠኝ ሰው ዋጋ" ስል ሚስተር ክላረንስ ቀስ ብለው መጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። የደከማቸው መስሎኝ ውኃ አቀበልኳቸው። አልተቀበሉኝም።

"የመጨረሻ ስሙን ታውቂዋለሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"የእናቴ አያት አባት ነው" አሉ። "ደጉ አይዛያ ነበር የምንለው። ከመሞቴ በፊት ቤቱን ልይ ብዬ ነው የመጣሁት።" ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው፣ "ለካ የጠቋሚ ዘር ነን" አሉ።

ውሉ ትከሻዬ ላይ በተንጠለጠለችው ቦርሳ ውስጥ ነው። እጄን ልሰድ ስል ቀና አልኩ፤ ሚስተር ሊዮን ያዩኛል። አልሰደድኩም። "አይዞዎ፣ የድሮ ነገር ነው" አልኳቸው። ይህን ነው ያልኩት። ዳያን አባቷን ደግፋ አስነሥታ በመጡበት ተመለሱ። እኔ የቀሩትን አሥራ ሁለት ሰዎች ይዤ ወደ ስምንተኛው ማቆሚያ ሄድኩ። ያን ቀን ራሴን ጠላሁ፤ ሌላ ቃል የለውም።

ሰኞ ጠዋት ሚስተር ሊዮን ቤት ሄጄ ውሉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

"መቼ ነው ያገኘሽው?"

"ሁለት ዓመት ሆነው።"

"ሁለት ዓመት?"

"እርስዎን ላለማሳፈር ብዬ ነው። በእኛ ዘንድ ታላቅ ሰው በአደባባይ አይታረምም።"

"አደባባይ?" አሉ። ድምፃቸው ከፍ ሲል ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት። "ይህ ወንበር አደባባይ ነው? እዚህ ስንት ጊዜ ተቀምጠሻል? በሩን ዘግተሽ ልትነግሪኝ አትችዪም ነበር?"

"አክብሬዎት ነው..."

"አላከበርሽኝም። በየቅዳሜው ውሸታም አድርገሽ አግዳሚ ላይ አስቀመጥሽኝ፤ እኔ ደግሞ ራሴን ነቀነቅሁልሽ። 'አላውቅም' ማለት ያስተማርኩሽ ለምን መሰለሽ?"

አለቀስኩ። አላባበሉኝም፤ ደግ አደረጉ። በቀጣዩ ቅዳሜ አይዛያ ደጃፍ ስደርስ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ጎብኚዎቹ ፊት ቆሙ። "ይህን ታሪክ ሠላሳ ዓመት ተናግሬዋለሁ፣ ሐሰት ነው። ሳላጣራ የሰው ስም አጥፍቻለሁ" አሉ። ከዚያ እኔን እያዩ፣ "ያንን ሰውዬ አግኚው" አሉኝ። በዚያው ዓመት ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ።

እኔም መዝገብ ቤቱን አልለቀቅሁም። ውሉን ባገኘሁ ጊዜ ሁለት ሳምንት ጨምሬ ብቆፍር ኖሮ ላገኘው እችል የነበረውን ወረቀት ያን ጊዜ አገኘሁት፤ የእስር መዝገብ ነው። መርከቧ ከተያዘች በኋላ አይዛያ ሦስት ወር ታስሯል። የተከሰሰው የመርከቧን የታች ወለል ሳንቃ ነቅሎ ለዘጠኙ ሰዎች መደበቂያ ሠርቷል ተብሎ ነው። የጠቆመው ሌላ ነው፣ እሱማ የደበቃቸው ሆኖ ተገኘ። ወይ ጉድ! ዘጠኙን ለማዳን የታሰረውን ሰው ነው ሻጭ ስንለው የኖርነው።

ሰዎቹን ግን ማግኘት አቃተኝ። ቢሮው የምዝገባ ኮምፒዩተሩን ቀይሮ የድሮው ስም ዝርዝር ጠፍቷል። በእጄ የቀረው ሁለት የመጠሪያ ስም፣ ኦሮራ፣ ሎውሪ፣ አውሮፕላን ጠጋኝ፤ ይኸው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ካልጠረጉት አይጠራም። አምስት ዓመት ቁጭ አልኩ፣ አንድም ነገር አልጠራም።

ከዚያ ጉልበቴ አለቀ፤ ሜሮን ወደ እኛ ነይ አለችኝ። ነርስ ናት፣ ኦሮራ አጠገብ ሴንቴኒያል የሚባል ከተማ ቤት አላት። "እማዬ፣ ታች ያለውን ክፍል አዘጋጅተንልሻል" ስትለኝ "ሎውሪ ነው የምገባው" አልኳት። ሎውሪ ዛሬ ወታደር የለበትም፤ ቤትና ትምህርት ቤት ሆኗል። ግን ሰፈሩ ላይ የሠሩ ሽማግሌዎች አሁንም እዚያው ዙሪያ ይኖራሉ ብዬ ነው። ሜሮን ተቆጣች። የልጅ ልጄ ሶልያና ደግሞ "ግራንድማ፣ ጀስት ጉግል ሂም" አለችኝ። ክላረንስ ብዬ ጉግል አደረግኩ፤ የዓለም ክላረንስ ሁሉ ወጣልኝ።

ስለዚህ በእግሬ ጀመርኩ። እሑድ እሑድ ቅዳሴ አስቀድሼ ስወጣ ነጠላዬን መኪና ውስጥ አስቀምጥና ወደ ጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። የእነሱ ስብከት ረጅም ነው፣ ሁልጊዜ እደርሳለሁ። በር ላይ ቆሜ ሽማግሌዎቹን እጠይቃለሁ፤ "ሎውሪ አውሮፕላን የጠገኑ ሚስተር ክላረንስን የሚያውቅ?" ጫማ ማየትማ አልተውኩም። ስድስት ቤተ ክርስቲያን ዞርኩ። በዚህ መሐል ሐበሻው ሥራውን ሠርቷል፤ "የሺመቤት ጴንጤ ሆነች!" ተብሎ እስከ ሴንቴኒያል ተወራ። አንዷ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስገባ አይታኛለች። እውነተኛዎቹ ጴንጤ ጎረቤቶቼ ደግሞ ደስ ብሏቸው ዳቦ ይዘውልኝ መጡ። ዳቦውን በላሁ፣ እውነቱን ነገርኳቸው፣ ሳቅን።

የንስሐ አባቴ ግን ደወሉ። "ልጄ፣ ምንድን ነው የምሰማው?" አሉኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ "ንስሐውን ለእኔ ተናገርሽ፤ ደግ ነው። የተበደልሁት ግን እኔ አይደለሁም። ሂጂ፣ ፈልጊው" አሉኝ።

ሰባተኛው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነጭ ጓንት ያደረጉ አስተናጋጅ ሴትዮ ስማቸውንና ስልኬን የጻፍኩበትን ወረቀት አነበቡ። "ወንድም ክላረንስ ወገቡን ከተሰበረ ወዲህ አይመጣም። ወረቀቱን ለልጁ እሰጣለሁ" አሉኝ። እጃቸውን ሳምኩት። ደነገጡ።

በአሥረኛው ቀን ዳያን ደወለች። "ምን ፈልገሽ ነው?" ስትል ድምፅዋ እንደ በረዶ ነው።

"የነገርኳችሁ ሐሰት ነው። ማስረጃው በእጄ አለ" አልኳት።

ቤታቸው ከእኔ አፓርታማ ስምንት ደቂቃ ነው፣ ኮልፋክስን ተሻግሮ። አስቡት፣ ስምንት ደቂቃ! ሜሮን ልውሰድሽ አለች፤ እምቢ አልኩ። ሚስተር ክላረንስ ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ ናቸው፤ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ አለ። ከስተዋል። ወዲያው ግን ዐወቁኝ። "የጋይዷ ሴትዮ" አሉ።

ዳያን ውሉን ጮክ ብላ አነበበች። ቀጥላ የእስር መዝገቡን አነበበች። ሚስተር ክላረንስ "ድገሚው" አሏት። ደገመችው። "መደበቂያ ሠርቷል" የሚለው ላይ ስትደርስ እጃቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ፤ አለቀሱ፤ እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ።

"በየሁለት ዓመቱ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል" አለችኝ ዳያን። "ስሙ የታተመበት ቲሸርት እናደርግ ነበር። ከእናንተ ዘንድ ስንመለስ አባቴ ለሁሉም ተናገረ፤ እንዳንዋሽ ብሎ። ከዚያ ወዲያ ስሙን የሚያነሣ የለም። ወንድሜ ያንን ይዞ ሞተ።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለካ ይህ ነው።

ሚስተር ክላረንስ ፊታቸውን ጠርገው እጄን ያዙኝ። "አታልቅሺ" አሉኝ። "ያን ጊዜ አላወቅሽም። ያስተማሩሽን ነው የተናገርሽው፤ ስታውቂ ደግሞ ይኸው እስከዚህ ድረስ መጣሽ። እግዚአብሔር ይባርክሽ።"

እንግዲህ ልብ በሉ። ሚስተር ሊዮን ሞተዋል። ስለ ሁለቱ ዓመት እዚህ አገር ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቅ የለም። ሰውየው እጄን ይዘው መርቀውኛል። ምረቃውን ተቀብዬ፣ አሜን ብዬ፣ ወጥቼ መሄድ እችላለሁ። ደግሞስ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ታመዋል፤ እንደገና ባላሳዝናቸውስ? ያው የድሮው ይሉኝታ ነው፣ በሌላ በር የመጣው። ዐወቅሁት።

"አውቅ ነበር" አልኩ።

"ምን?"

"ያን ቀን አውቅ ነበር። ውሉን ካገኘሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እርስዎ ደረጃው ላይ ሲቀመጡ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።"

እጄን ለቀቁኝ። ዳያን ተነሥታ በሩን ከፈተች፤ "ውጪልኝ" አለች።

"ዳያን፣ ዝጊው" አሉ አባቷ። ከዚያ እኔን አዩኝ። "ለምን?"

"ያስተማሩኝ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። እሳቸውን ማሳፈር ፈራሁ።"

"እኔንስ?"

"እርስዎን አላውቅዎትም ነበር" አልኩ። ከዚህ የሚሻል መልስ የለኝም፤ ይህ ደግሞ መልስ አይደለም።

"ይቅር ይበሉኝ" ልል ነበር፤ ግን መልስ ማስገደድ መሰለኝና ተውኩት።

"ዳያን፣ ስልክሽን አውጪ" አሉ በመጨረሻ። "ቪዲዮ አንሺያት። ለዘመድ ሁሉ ይላካል።" ወደ እኔ ዞሩ። "ያን ቀን ቆመሽ ነው የነገርሽኝ። አሁንም ቆመሽ ንገሪኝ።"

የወንበሩን ክንድ ተደግፌ ተነሣሁ። ጉልበቴ ጮኸ። "ሁለቱን ዓመት የት ላይ ላስገባው?" አልኳቸው።

"መጀመሪያ ላይ።"

ዳያን ስልኩን ወደ ፊቴ አቀናችው።

"የሺመቤት እባላለሁ" አልኩ። "አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት ሰው አስጎብኝቻለሁ። ሁለቱን ዓመት እያወቅሁ በአያታችሁ ላይ ዋሽቻለሁ። አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ከቤቱ እጀምራለሁ፤ ቤቱን አይዛያ በገዛ ላቡ ነው የገዛው።"